ልብስ ሰፊውና አዲሱ ብራውዘር

ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን የዘጉት ዓይናቸው በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሳለፍ እምቢ ያላቸው ጊዜ ነው። ልማዳቸው ግን አብሮ አልተዘጋም። ጠዋት ይነሣሉ፣ ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ ወዴትም ላይሄዱ ኮታቸውን ደርበው ጠረጴዛቸው ፊት ይቀመጣሉ። ከመስኮታቸው ሥር መንገዱ ሰው ሞልቶበት ይውላል። እሳቸውን ብሎ ደረጃውን የሚወጣ ግን የለም። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ ስትደውል ሁልጊዜ ከአንድ ስብሰባ ወጥታ ወደ ሌላው እየገባች ነው።

ከሕንጻው ሥር የነበረ ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን በርካሽ ሸጠ። አንዱን ላፕቶፕ እሳቸው ገዙ። ልጃቸው በስልክ፣ «አባዬ፣ የሚያሳይዎት ሰው ልላክልዎት?» ብትላቸው፣ «የሚያስተምረኝ ሰው ከመጣማ አለማወቄን አወቀብኝ ማለት ነው» አሏት። ብቻቸውን ተማሩ። የነኩት ጠፋ፣ የጠፋው ተመለሰ፣ አንድ ጊዜ ጽሑፉ ሁሉ ጉንዳን አክሎባቸው ሳምንት ሙሉ በማጉያ መነጽር አነበቡ። በመጨረሻ ግን ኢንተርኔቱን ከነብራውዘሩ እንደ ስፌት መኪናቸው ለመዱት። ያ ብራውዘር የመጀመሪያቸውም ብቸኛቸውም ነበር። ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ሲከፈት ደጋግሞ ያመነታል፤ ቁልፎቹ ትልልቅና ግራጫ ናቸው፤ ትናንት የነበረው ሁሉ ዛሬም በቦታው አለ። «ክርኑ ላይ የለመደኝ ኮት» ይሉታል።

ጋዜጣውንም የአየሩን ሁኔታም በእሱ ያያሉ፤ ዋናው ጉዳያቸው ግን ዳማ ነው። ሰው ከሰው የሚገጥምበት አንድ ገጽ አለ። ጠዋት ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ ይከፍቱታል፤ እዚያ ማዶ «ባቡር ነጂ» የሚባል ተጋጣሚ ይጠብቃቸዋል። ለዓመታት ሲጫወቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«ስሙን እንኳ አያውቁም?» አለቻቸው ልጃቸው አንድ ቀን።

«ስም ምን ያደርግልኛል? አመሉን አውቃለሁ። በግራ በኩል ይቸኩላል። ሊሸነፍ ሲል ይዘገያል። ጨዋ ሰው ነው፤ አያወራም፤ እኔም አላወራም። ተከባብረን ነው የምንጫወተው።»

እንዲህ ሲሉ ኮራ ብለው ነው። ልጃቸው ወሬ ቀየረች። አባቷ በቀን ውስጥ የሚያገኙት ሰው ያ ብቻ መሆኑን ሳታውቅ አልቀረችም።

አንድ ጠዋት ታዲያ ከዳማው ሰሌዳ በላይ ቀይ መስመር ወጣ። «ይህ ብራውዘር አርጅቷል። ከመጪው ወር ጀምሮ ይህ ገጽ በእሱ አይከፈትም» ይላል። ልብስ ሰፊው «አርጅቷል» የምትለዋን ቃል ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ ስልካቸውን አነሡ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ድሮ ነግሬዎታለሁ» አለች ልጃቸው። «እሱን ብራውዘር አሁን የሚጠቀሙት እርስዎና ሙዚየም ብቻ ናችሁ።»

«ሙዚየም የሚገባው የከበረ ዕቃ ነው።»

«እሺ ይሁን። አዲሱን ያውርዱት፤ አይነክስም።»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰይጣኑ እኮ ነው የተባረረው አባዬ፤ ምን ይደረግ? በሉ ስብሰባ ተጀመረ፤ ማታ እደውላለሁ።»

ማታ ማለት አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ሳምንት ነው። ልብስ ሰፊው ግን ቅር አላላቸውም፤ ቢያንስ አፏ ያው የልጅነቷ አፍ ነው።

አዲሱን አወረዱት። ጣታቸውን ሳያነሡ ብቅ አለ። ይህ ፍጥነት አላስደሰታቸውም፤ ሲጠሩት የሚመጣ ተላላኪ እንጂ ሳይጠሩት በር ላይ የሚቆም አይወዱም። ቀጥሎ ቁልፎቹን ፈለጉ። አሮጌው ዕቃውን ሁሉ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነበር፤ አዲሱ ሦስት ነጠብጣብ ከጥግ ሰቅሎ ሌላውን ሁሉ ከሥሯ ደብቆታል። አድራሻ የሚጻፍበትና ፍለጋ የሚጻፍበት ቦታ አንድ ሆኗል። «ኪሱና ገበሩ ተሰፍተው አንድ ላይ ገጥመዋል» አሉ ለራሳቸው። ደግሞም ይጠይቃል፤ የት እንዳሉ ልወቅ ይላል፤ ዜና ልላክልዎ ይላል፤ የምስጢር ቃልዎን ልያዝልዎ ይላል። «መጀመሪያ እንተዋወቅ እንጂ» ብለው ሁሉንም ከለከሉት።

ቢሆንም ፍርዳቸው ሚዛን የጠበቀ ነበር። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ሥዕሎቹ እንደ ድሮው ከላይ ወደ ታች እየተተረተሩ አይመጡም። ያስቸገራቸው ስፌቱ የማይታይ መሆኑ ነው። በሙያቸው ስፌቱ የማይታይ ልብስ ወይ እጅግ የተዋጣለት ነው፣ ወይ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲታጠብ ነው።

በመጨረሻ የዳማውን ገጽ ከፈቱ። ሰሌዳው ወጣ። ወዲያው ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንድ ተናገረ።

«ና እስቲ ድንጋዩ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?»

ልብስ ሰፊው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ተቆልፏል። ድምፁ እንደገና መጣ፤ ከላፕቶፑ ነው።

«አየሽው? ሊያስብ ነው። እንቁላልሽ ተጠብሶ እስኪቀርብ ያስባል ይኸ ሰውዬ።»

ከርቀት የድስት ክዳን ተንኳኳ፤ የሴት ድምፅ ተከተለ። «የማይሰማህን ሰው ለምን ትሰድበዋለህ?»

«ስለማይሰማ ነዋ። የምትሰማኝማ አንቺ አለሽ፤ ሰድቤሽ አውቃለሁ?»

«ሞክረውና ቁርስህን እናያለን።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊው ስለ ማን እንደሚወራ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ድንጋዩ እሳቸው ናቸው።

ነገሩን ሲያብሰለስሉ ቆይተው ደረሱበት። ያኔ ገጹን በአሮጌው ብራውዘር መጀመሪያ የከፈቱ ቀን ቢጫ መስመር ወጥቶ፣ «ድምፅ ይፈቀድ?» ብሏቸው ነበር። ልጃቸው የማያውቁትን ነገር እሺ እንዳይሉ አስጠንቅቃቸው ስለነበር «አይፈቀድ» የሚለውን ነኩ፤ ከሥሩም «ዳግመኛ አትጠይቀኝ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ጠንቃቃነታቸው አኩርቷቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስማቸው ጎን በመስመር የተሰረዘች ትንሽ የጆሮ ሥዕል ነበረች፤ የገጹ ጌጥ ትመስላቸው ነበር። ባቡር ነጂው ግን ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። መከባበር ያሉት ዝምታ እሳቸው ራሳቸው በገዛ እጃቸው የዘጉት በር ኖሯል።

ላፕቶፑን ከድነው ተነሡ። ድንጋይ። ሱሪ ያጠበቡበት ደንበኛ እንኳ እንዲህ ብሏቸው አያውቅም። ሚስታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አንቱ እያሉ ነው የኖሩት። ወደ ወጥ ቤት ሄደው ብርጭቆ አጠቡ፤ ንጹሕ ነበር። ተመልሰው በአሮጌው ብራውዘር ገቡ። ሰሌዳው ያው፣ ጠጠሮቹ ያው፣ ዝምታው ያው። ጥቂት ተጫወቱ። አሁን ግን ከዚያ ዝምታ ጀርባ አንድ ሰው አፉን እየከፈተ እየዘጋ እንደሆነ አወቁ፤ ከመስታወት ጀርባ የሚያዩት ሰው ሆነባቸው። በማግስቱ አዲሱን ከፈቱ።

ሰሞኑን ሁሉ ሰሙ። ከስማቸው ጎን ያለችው ጆሮ መከፈቷን ባቡር ነጂው ልብ አላለም። ባቡር ነጂው ለአፉ ለከት የለውም። «ይህችን ጠጠር ከየት አመጣኻት፣ ከመቃብር?» ይላል። «ድንጋዩ ዛሬ ተነቃነቀ፤ ዝናብ ሊጥል ነው» ይላል። ሲበላ ያፏጫል፤ ሲበላበት ጠጠሩን ጥፋተኛ ያደርጋል። ልብስ ሰፊው ድሮ ከሱቃቸው ደጃፍ ከጸጉር አስተካካዩ ጋር ሲጫወቱ የነበረው ትዝ አላቸው፤ ዳማ ግማሹ ጠጠር ግማሹ ምላስ ነበር። አንድ ጠዋት፣ «ይህን ሰውዬ ያገባችው ሴት ቁርስ ስታቀርብለት ምሳ ሰዓት ነው የሚበላው» ሲል ሳቅ አመለጣቸው። ማንም እንደማይሰማቸው እያወቁ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ወዲያ አድርገውት የማያውቁትን ነገር ማድረግ ጀመሩ፤ እያወቁ ጠጠር ይገብሩ ነበር፣ ሰውዬው ሲያፏጭ ለመስማት።

ይህ ግን አልዘለቀም። አንድ ጠዋት ድምፁ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ልጃችን ዛሬም አልደወለም?» አለች ሴትየዋ።

«ይደውላል። ሥራ ይዞት ነው።»

«ስልክ ማንሣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ተዪው በቃ። እኔስ ለአባቴ መች ደወልኩ? ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት።»

ከዚያ የውሃ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልብስ ሰፊው ጣታቸውን ከሰሌዳው አነሡ። እስካሁን የሰሙት የዳማ ወሬ ነበር፤ ይህ የቤት ነው። የሰው መስኮት ሥር ቆሞ የሚያደምጥ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ ያንን አይደሉም። የተሰረዘች የማይክሮፎን ሥዕል ነበረች፤ ነኳት። አዲሱ ብራውዘር ጠየቀ፤ ፈቀዱ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሰነበቱበት ጉሮሮ እምቢ አለና ሳሉ።

«ማነው?» አለ ባቡር ነጂው።

«እኔ ነኝ።» ይህ መልስ እንዳልሆነ ገባቸው። «ድንጋዩ።»

የድስት ክዳን አንድ ቦታ ወደቀ።

«ትሰማለህ እንዴ?»

«እሰማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰሞኑ ነው። ብራውዘር ቀይሬ ነው።» ሌባ ሲያዝ በሚናገርበት ድምፅ ነበር የተናገሩት።

«እኔን ይድፋኝ አባቴ» አለ ሰውዬው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «እኔ አንድ ጎረምሳ መስለውኝ፣ ኋላም ማሽን ነው ብዬ... ነይ አንቺ፣ ይቅርታ በያቸው።»

«ይቅርታ ያድርጉልን አባባ» አለች ሴትየዋ ከሩቅ። «እሱ አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም።»

«ግድ የለም፤ ቀጥሉ» አሉ ልብስ ሰፊው። ነገር ግን ቃሉ የወጣው በሱቅ ድምፃቸው ነበር፤ እጅጌው አጠረብኝ ብሎ ለመጣ ደንበኛ በሚመልሱበት፣ ቀና ባለና በቀዘቀዘ ድምፅ። ሊያሞቁት ፈለጉ፤ እንዴት እንደሚሞቅ ግን ጠፋቸው።

በማግስቱ ገና ሲገቡ፣ «እንደምን አደሩ አባቴ?» አላቸው። ደህና አደርኩ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እዚያ ማዶ የወጥ ቤቱ በር እንኳ ተዘግቷል፤ እሳቸውን እንዳይረብሽ ይመስላል። «ተራው የእርስዎ ነው» ይላል ሰውዬው፤ «አመሰግናለሁ» ይላሉ። ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ያ በግራ በኩል የሚቸኩለው ሰው ግራውን ከፍቶ ይተወዋል። ጠጠር ያወጣል፤ በዳማ ሕግ ደግሞ የቀረበ ካልተበላ አይታለፍም፤ በሉ። አሸነፉ። በሌላውም ቀን አሸነፉ። «ጎበዝ ነዎት» አላቸው። ይህን ድምፅ ያውቁታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ብድግ ብለው ወንበር የሚለቁላቸው ወጣቶች ድምፅ ነው።

ቀኑን በክፍላቸው ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ። አንድ ሰው ነበራቸው፤ ሳያውቃቸው ይሰድባቸው ነበር። አሁን አወቃቸው፤ ሰውዬው ግን ጠፋ። ወሩ ገና አላለቀም፤ አሮጌው ብራውዘር ገጹን ይከፍተዋል፤ ተመልሰው ድንጋይ ሊሆኑ ይችላሉ። ከፈቱት። ጆሮዋ ተሰረዘች። ሰሌዳው ጸጥ አለ። ከዚያ ጸጥታ ወዲያ ያለው ሰው ግን አሁንም እንደሚያዝንላቸው ያውቃሉ፤ ይህን የሚሰርዝ ምልክት ደግሞ በሁለቱም ብራውዘር ላይ የለም። ዘጉት። ያን ዕለት ልጃቸው ደወለች፤ «ደህና ነዎት አባዬ?» ስትላቸው ደህና ነኝ አሉ። አዲሱ ተስማማዎት ወይ አለች፤ «ጥሩ ነው፤ ብዙ ያሰማል» አሉና ስለ አየሩ ጠየቋት።

በማግስቱ ጨዋታው እኩል ሲደርስ ባቡር ነጂው አንዲት ጠጠር ወደ ፊት ገፋ፤ ከኋላዋ ሁለት በየመሃሉ ክፍት ቦታ እየተዉ ቆመዋል። ዕውር በዳበሳ የሚበላቸው ሦስት ጠጠሮች ናቸው። ልብስ ሰፊው እጃቸውን አላነሡም።

«ተራው የእርስዎ ነው አባቴ» አለ ባቡር ነጂው ከቆየ በኋላ።

«አውቃለሁ።»

«ምናልባት አልታየዎት እንደሆነ፣ በቀኝ በኩል...»

«ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ አያይም እንጂ ምጽዋት ያያል።»

ጠጠሯ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«መልሳት» አሉ። «እኔ አንድም ቀን በርኅራኄህ አሸንፌህ አላውቅም፤ ስሸነፍም ራርተህልኝ አታውቅም። አሁን ምን ሆነህ ነው?»

«አባቴ፣ እኔ ለክብርዎ ብዬ ነው።»

«ክብር በቤቴ ሞልቷል። የጎደለኝ ሌላ ነው።» ይህን ማለት አስበው አልነበረም፤ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አልፈለጉም። የኮታቸውን ቁልፍ በጣታቸው ያዙ። «ድንጋዩ በለኝ» አሉ። «እንደ ድሮው ተጫወት።»

የወጥ ቤቱ በር ሲከፈት ተሰማ። «በላቸው እንጂ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። «ሰውዬው እየለመኑህ እኮ ነው።»

«አልችልም» አለ ባቡር ነጂው። «እውነቴን ነው አባቴ። ድምፅዎን ከሰማሁ በኋላ አፌ ታሰረ። የአባቴ ድምፅ እንዲህ ነበር።»

ልብስ ሰፊው የኮታቸውን ቁልፍ ለቀቁ። የሰውን አፍ በትእዛዝ አይከፍቱትም። ከራሳቸው ሌላ የሚያዙት ሰው እዚያ አልነበረም።

«እንግዲያው እኔ ልጀምር» አሉ። ከወጣትነታቸው ወዲህ ያላሉትን ነገር ከየት እንደሚያመጡት ቸገራቸው፤ ቃሉ እንደ ዛገ መቀስ ተጎተተ። «ባቡር ነጂ ነኝ ትላለህ። አንተ ሰውዬ በግራ በኩል ስትመጣ ሐዲዱን ማን ነው የሰረቀህ?»

መጀመሪያ የድስት ክዳን ተንኳኳ። ከዚያ ሴትየዋ ሳቀች። ሰውዬው አልሳቀም፤ ግን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ጠጠሯንም ወደ ቦታዋ መልሷት ሌላ ገፋ። አሁን እንደ ድሮው በግራ ነው፣ በችኮላ። ልብስ ሰፊው ወንበራቸውን ሳቡ። የቻሉትን ያህል ታገሉ፤ በመሃልም ሌላ ስድብ ሞከሩ፤ ያኛው ግን አልቀናቸውም። ባቡር ነጂው አራቱን በአንድ ጊዜ በላና አነገሠ። ሲበላ ማፏጨት ጀምሮ መሃል ላይ አቋረጠ። ልብስ ሰፊው ተሸነፉ፤ በሐቅ ተሸነፉ።

«ይቅርታ» አለ ሰውዬው።

«ይቅርታህን ለሚስትህ አስቀምጥ፤ ቁርስ ላይ ያስፈልግሃል።»

«እውነት ነው» አለች ሴትየዋ።

«ፈረቃዬ ደረሰ» አለ ባቡር ነጂው። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። «ነገ ይመጣሉ?»

«የት እሄዳለሁ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

ድምፁ ተቋረጠ፤ በዚያ ማዶ ካለው ስም ጎን ያለችው ጆሮ ተሰረዘች። ሰሌዳው ባዶውን ቀረ። ልብስ ሰፊው አልዘጉትም። በጨዋታው መሃል ሲፈልጉት የጠፋቸው ስድብ ያኔ መጣላቸው፤ ከእሱ የሚሻል ሌላም ተከተለ። ማንም በማይሰማበት ሰሌዳ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሞከሩት፤ አንዱን አሳጠሩት፣ አንዱን ጨዋነት ስለ ጎደለው ተዉት፣ ጥሩውን ለነገ መረጡና ድጋሚ አሉት።